እዚህ ጋ ያምሻል?

«አትሳቂ!» አለች ባውክዬ። «ታካሚ እንዲህ አይስቅም።»

«እጅሽ በረዶ ነዋ! እስኪ አሙቂውና ንኪኝ።»

ሬንስኬ ቁምጣና አጭር የስፖርት ካናቴራ ለብሳ፣ ፀጉሯን ወደ ላይ ጠቅልላ፣ ሳሎኑ መሃል ጀርባዋን ለታላቅ እህቷ ሰጥታ ቆማለች። ባውክዬ ከኋላዋ ተንበርክካ፣ ሁለት አውራ ጣቶቿን ከወገቧ ዝቅ ብሎ ቆዳው ግራና ቀኝ ስርጉድ ያለበት ቦታ ላይ አሳርፋለች። የምግብ ጠረጴዛው ወደ መስኮቱ ተገፍቷል። በቦታው ከኮሌጅ በውሰት የመጣ ታጣፊ የምርመራ አልጋ ተዘርግቷል፤ በላዩ ላይ ትንሽ የጎማ መዶሻ፣ ጥቂት ጥጥና በብዙ እጅ የተጨማደደ ወረቀት አለ።

«ትከሻ፣ ግራና ቀኝ እኩል» አለች ባውክዬ ጮክ ብላ። ፈታኞቹ ተማሪው የሚያስበውን ሁሉ በድምፅ እንዲናገር ነው የሚፈልጉት። «ዳሌ እኩል። ከጉልበት ኋላ ያለው እጥፋት እኩል። የግራ እግር ተረከዝ ትንሽ ወደ ውስጥ ያዘነብላል።»

«የኔ ተረከዝ? ምንም አያዘነብልም!»

«ካላመንሽኝ አባዬን ጠይቂው።»

አባታቸው ከወጥ ቤት ብቅ አለ፤ በአንድ እጁ የስኳር ዳቦ ይዞ ያላምጣል። ሥራው የላሞችን ኮቴ መከርከም ነው። በዙሪያው ያሉ ገበሬዎች ላማቸው ባነከሰች ቁጥር የሚደውሉት ለእሱ ነው። የታናሽ ልጁን እግር ዝቅ ብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ላም ብትሆን ኖሮ ከበር ላይ ሆኜ አረማመዷን አይቼ እነግርሽ ነበር። ሰው ግን ያስቸግራል። ሰው ሲያዩት አሳምሮ ነው የሚራመደው» አለና ዳቦውን ይዞ ተመለሰ።

ሁለቱም ሳቁ። ሬንስኬ ግን ሳቋን ቶሎ አቆመችው።

ባውክዬ ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ግሮኒንገን ከተማ ፊዚዮቴራፒ ትማራለች። ባለፈው ጥር የወገብ፣ የዳሌና የእግር ምርመራ የተግባር ፈተና ወድቃለች። ድጋሚው ሐሙስ ነው። እሱን ከወደቀች ዓመቱን እንዳለ ትደግማለች። ለፈተናው እያንዳንዱ ተማሪ የሚመረመርለትን አንድ ጤናማ ሰው ይዞ ይመጣል። አብራት ልትሄድ የነበረችው የክፍሏ ልጅ እሁድ ዕለት ከብስክሌት ወድቃ እጇን ተሰበረች። ባውክዬ ስልኩን እንደዘጋች ፊቷ አመድ ሲመስል ያየችው ሬንስኬ፣ «በቃ እኔ እሄድልሻለሁ! ከትምህርት ቤት አስፈቅጂኝ እንጂ» አለቻት።

ያለችው ሳታስብ ነበር። አስባ ቢሆን ኖሮ አንድ ነገር ትዝ ይላት ነበር፤ ጤናማ አይደለችም። ወገቧን ካመማት አምስት ሳምንት ሆኗታል። ይህን ደግሞ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

«እሺ፣ ወደ ፊት ጎንበስ በይ። ጉልበትሽን ሳታጥፊ።»

ሬንስኬ ጎንበስ ብላ መዳፏን ምንጣፉ ላይ ለጠፈች። ይሄ ቀላል ነው። ወደ ፊት ስትታጠፍ ምንም አይሰማትም።

«ጎበዝ። ቀና በይ። አሁን እጅሽን ወገብሽ ላይ አድርጊና ወደ ኋላ ተለጠጪ።»

ሬንስኬ አየር ሳበችና ቀስ ብላ ወደ ኋላ ተለጠጠች። ግማሽ ላይ ስትደርስ ከወገቧ በስተግራ፣ ውስጥ ለውስጥ፣ የሆነ ነገር ጠቅ አደረጋት። ጥርሷን ነክሳ ቀጠለች።

«ያምሻል?»

«አይ።»

«ትንፋሽሽን ያዝሽ እኮ።»

«ሚዛኔን ልጠብቅ ብዬ ነው።»

የባውክዬ ጣቶች በአከርካሪዋ ግራና ቀኝ ወደ ታች ወረዱ፤ በግራ በኩል ቆም አሉ፤ ወደ ቀኝ ተሻገሩ፤ ተመልሰው መጡ። «እዚህ ጋ ግራው ጡንቻ ከቀኙ ይጠነክራል… ይመስለኛል። ይጠነክራል?»

«እኔን ነው የምትጠይቂው? እኔኮ ተመርማሪ ነኝ።»

«ሁለቱንም እኩል ነው የምጫነው። እዚህ ጋ ያምሻል?»

«ምንም።»

ባውክዬ ወረቀቱን አነሳች። የሆነ ነገር ጻፈች፤ ከዚያ ሰረዘችውና በላዩ ላይ «እኩል» ብላ ጻፈች።

*

ነገሩ የጀመረው በግንቦት መጀመሪያ፣ አንድ እሁድ ነው። ሬንስኬ የቦይ ዝላይ ተወዳዳሪ ነች። በእንጨት መንደርደሪያው ላይ በሙሉ ኃይል ሮጣ፣ ቦዩ ውስጥ ቆሞ የሚጠብቃትን ረጅም ምርኩዝ ትይዛለች። ምርኩዙ ቀስ እያለ ወደ ማዶ ሲያጋድል እሷ በእጅና በእግሯ እየተሳበች ጫፉ ድረስ ትወጣለች። ከዚያ ማዶ ያለው አሸዋ ላይ ራሷን ትወረውራለች። ያን እሁድ አስራ አራት ሜትር ከሰላሳ ሳንቲሜትር ለመዝለል ቆርጣ ነበር። አራተኛው ዝላይ ላይ ምርኩዙ ላይ ሆና ቀና ብላ ወደ ላይ ስታይ ወገቧን ውግት አደረጋት። አሸዋው ላይ ስታርፍ ለሁለተኛ ጊዜ ወጋት። ተነስታ አሸዋውን አራግፋ፣ አሰልጣኙ ሹርድ ከማዶ «ደህና ነሽ?» ብሎ ሲጮህ አውራ ጣቷን ቀስራ አሳየችው።

በሳምንቱ ሹርድ የተመራጮቹን ስም ለጠፈ። ለክፍለ ሀገሩ የታዳጊ ሴቶች ውድድር ከክለባቸው የሚሄዱት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሬንስኬ ሁለተኛዋ ነበረች። ተጠባባቂዋ ደግሞ የቅርብ ጓደኛዋ አልትዬ ሆነች። ውድድሩ በዚህ ሳምንት፣ ቅዳሜ ነው።

ከዚያ ወዲህ ከልምምድ በፊት አንድ ፓራሲታሞል፣ ከልምምድ በኋላ አንድ ፓራሲታሞል ሆነ። ክፍል ውስጥ ስትቀመጥ ደህና ነች። ስትሮጥ፣ ስትለጠጥ፣ ምርኩዙ ላይ ቀና ስትል ግን ይመጣል። ቅዳሜ ካለፈ በኋላ እንደሚሻላት ለራሷ ነግራለች። ለምን እንደሚሻላት ግን አላሰበችበትም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ልምምድ ላይ ሁለት ጊዜ ብቻ ዘልላ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። አልትዬ ውሃ እያንጠባጠበች አጠገቧ መጥታ ዘፍ አለች። ምርኩዙ ከግማሽ ላይ ጥሏት ቦዩ ውስጥ ገብታ ነበር።

«አንቺ ምን ሆነሽ ነው? ሁለት ዘልለሽ በቃኝ?»

«ለቅዳሜ ጉልበቴን እየቆጠብኩ ነው።»

«እስቲ አትፎግሪኝ! ምርኩዙ ላይ ሆነሽ ቀና አትዪም። ባለፈው ሳምንትም አላልሽም። አስፋልት ላይ ሳንቲም የጠፋበት ሰው ነው የምትመስዪው።»

«ቦታዬን ፈልገሽ ነዋ።»

አልትዬ ፀጉሯን ጨመቀችና ውሃውን የሬንስኬ እግር ላይ አፈሰሰችው። «ቦታሽንማ እፈልገዋለሁ፤ ማን ይጠላል? እንደዚህ ሆኖ ግን አይደለም» አለችና ተነስታ ሄደች።

*

የዚያኑ ዕለት እራት ከበሉ በኋላ የመጨረሻውን ልምምድ አደረጉ። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ በመስኮቱ የገባው ብርሃን አልጋው ላይ ተኝቷል። ሬንስኬ አሁን ጎበዝ ሆናለች። ባውክዬ «ወደ ኋላ ተለጠጪ» ስትላት ሳትቸኩል፣ ትንፋሿን ሳትይዝ፣ ፊቷን ሳታኮማትር ትለጠጣለች። ሕመሙ ይመጣል፤ እሷ የመስኮቱን መጋረጃ አበባዎች ትቆጥራለች።

ባውክዬ እንደገና በግራ በኩል ቆመች። አሁን አልጠየቀችም። እጇን አነሳችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ምን ሆንሽ?» አለች ሬንስኬ።

«ምንም። እጄ ውሸታም ነው፣ በቃ።»

«ምን ማለት ነው?»

ባውክዬ የጎማ መዶሻዋን ታገላብጣለች። «ጥር ላይ ለምን እንደወደቅኩ ለእማዬና ለአባዬ ደንግጬ ነው ብያቸዋለሁ፣ አይደል? ደንግጬ አልነበረም። የመረመርኩት ልጅ የቀኝ ዳሌው አይዞርም ነበር። እጄ ነግሮኛል። ተናገርኩ። ከዚያ ፈታኟ ‹እርግጠኛ ነሽ?› ስትለኝ፣ ‹አይ፣ ተሳስቻለሁ፣ እኩል ነው› አልኳት። ልጁ ለካ በልጅነቱ ዳሌውን ቀዶ ጥገና አድርጓል። እሷም ታውቅ ነበር። የጣለችኝ አንድ ነገር ስለሳትኩ አይደለም። ያገኘሁትን ስለተውኩት ነው።»

ሬንስኬ አጠገቧ ተቀመጠች።

«አስተማሪዎቼ ሁሉ የሚሉኝ ‹እጅሽን እመኚው› ነው። እንዴት ልመነው? ሦስት ቀን ሙሉ በግራሽ በኩል አንድ ነገር አለ ይለኛል። አንቺ ደግሞ ምንም የለም ትያለሽ። ያንቺ ወገብ ነው፤ ካንቺ በላይ ማን ያውቃል?» ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ በካናቴራዋ ጫፍ ጠረገችውና ሳቀች። «ምናልባት እንደ አባዬ ላም ብመረምር ይሻለኛል።»

ሬንስኬ አፏን ከፈተች። ቃሉ ጉሮሮዋ ድረስ መጥቶ ነበር። ከዚያ ቅዳሜ ትዝ አላት። እናቷ ከሥራ ቦታዋ ፈቃድ መጠየቋ፣ የክለቡ ሰማያዊ ማልያ ላይ በትልቁ የተጻፈው ሃያ ሰባት ቁጥር። ደግሞ አሁን ብትናገር ነገ ባውክዬ ማንን ይዛ ትሄዳለች? ጤናማ ሰው ከየት ይመጣል? ይሄ ሁለተኛው ምክንያት ጥሩ መሰላት። እሱን ያዘች።

«ነገ ይሳካልሻል» አለቻት።

«አዎ» አለች ባውክዬ። አልጋውን ማጠፍ ጀመረች።

*

ባቡሩ ውስጥ ባውክዬ ሙሉውን መንገድ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ወረቀቷን አነበበች። ሬንስኬ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች። ላሞች፣ ቦዮች፣ እንደገና ላሞች። ግሮኒንገን ሲቃረቡ ባውክዬ ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችና የእህቷን እጅ ጭምቅ አደረገችው። እጇ አሁንም በረዶ ነበር።

የፈተናው ክፍል ትንሽ ነው፤ አንድ አልጋ፣ ሁለት ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የአከርካሪ አጥንት ሥዕል። ፈታኟ መምህርት ዋርሚንክ ፀጉራቸው አጭርና ሽበታም ነው፤ በሱሪያቸው ስር ብርቱካናማ የሩጫ ጫማ አድርገዋል። ሬንስኬን ጨበጧትና ስሟን ጠየቋት። «እኔ የለሁም ብለሽ አስቢ። እሷ ስትጠይቅሽ ብቻ መልሺ። የማይመችሽ ነገር ካለ በማንኛውም ሰዓት ይቁም ማለት ትችያለሽ» አሏት።

ባውክዬ ጀመረች። መጀመሪያ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እጇ ሥራ ሲጀምር ግን እየረጋ ሄደ። ሬንስኬን በክፍሉ ውስጥ በተረከዟ፣ ከዚያ በእግር ጣቶቿ አራመደቻት። አልጋው ላይ በጀርባዋ አስተኛቻትና እግሯን ሳይታጠፍ ወደ ላይ አነሳችው፤ መጀመሪያ ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን። ጉልበቷን አጥፋ ዳሌዋን ወደ ውስጥና ወደ ውጭ አዞረችው። በጥጡ ጭኗን፣ ባቷን፣ የእግሯን ጀርባ ነካ ነካ እያደረገች «ሁለቱም ጋ እኩል ይሰማሻል?» አለቻት። የእግሯን አውራ ጣት ተጭና «ወደ ላይ ግፊኝ» አለቻት። በመዶሻዋ ጉልበቷ ስር መታ ስታደርጋት እግሯ ዘልሎ ሊመታት ደረሰ፤ መምህርት ዋርሚንክ በአፍንጫቸው ሳቅ አሉና ወረቀታቸው ላይ ምልክት አደረጉ።

እስካሁን ሁሉም ነገር እውነት ነበር። ሬንስኬ አንድም ጊዜ አልዋሸችም። ደስ ብሏት ነበር፤ እህቷን እንዲህ ሆና አይታት አታውቅም።

«አሁን ተነሺ። ጀርባሽን ስጪኝ። ወደ ፊት ጎንበስ በይ።» መዳፏ ወለሉን ነካ። «ቀና በይ። ወደ ኋላ ተለጠጪ።»

ሬንስኬ ተለጠጠች። መጋረጃ አልነበረም። የምትቆጥረው አበባ አልነበረም። ሕመሙ መጣ፤ ፊቷን እንዳለ አቆየችው።

የባውክዬ አውራ ጣቶች ወረዱ። በግራ በኩል ቆሙ።



«በግራ በኩል» አለች ባውክዬ፣ «ከታችኛው የወገብ አጥንት አጠገብ… ጡንቻው ከቀኙ ይጠነክራል። ስትለጠጥ ደግሞ ይብሳል።»

«እርግጠኛ ነሽ?» አሉ መምህርት ዋርሚንክ። ድምፃቸው ለስላሳ ነበር፤ ወዲያም ወዲህም አይልም።

ሬንስኬ የእህቷ ጣቶች ወገቧ ላይ ሲንቀጠቀጡ ተሰማት። በጣም ትንሽ ነው፤ ከእሷ ቆዳ በቀር ማንም አያውቀውም። አሁን ትተወዋለች፣ አለች በልቧ። ጥር ላይ እንዳደረገችው ትተወዋለች።

«አዎ» አለች ባውክዬ። «እርግጠኛ ነኝ። ልምምድ ላይ አያመኝም ነው ያለችኝ። ግን እጄ ስር ያለው ይኸው ነው።» «ሬንስኬ፣ እዚህ ጋ ያምሻል?»

አይ ማለት ይቻላል። አንድ ቃል ነው፤ በዚህ ሳምንት ስንቴ ብላዋለች። አይ ካለች ቅዳሜ ሰማያዊውን ማልያ ትለብሳለች። ባውክዬ ደግሞ ጤነኛ ሰው ላይ በሽታ ያገኘች ትሆናለች።

«አዎ» አለች ሬንስኬ። «ያመኛል።»

የባውክዬ እጅ ሳይነሳ ቆየ። ከኋላዋ ስለሆነች ፊቷ አይታይም። ሬንስኬ ጩኸት ጠበቀች። የመጣው ግን ያው የመርማሪ ድምፅ ነበር፤ ትንሽ ብቻ ወፈር ብሏል።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አምስት ሳምንት።»

«ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅስሻል?»

«አይ።»

«ወደ እግርሽ ይወርዳል? መደንዘዝ፣ ውርር ማለት?»

«የለም።»

«ሽንት ስትሸኚ ችግር አለ?»

«ባውክዬ!»

«መልሺ።»

«የለም! አቦ፣ ሼም ነው።»

መምህርት ዋርሚንክ አንገታቸውን ወደ ወረቀታቸው ደፉ።

ባውክዬ ዞራ ፊት ለፊቷ መጣች። ሁለቱንም እጇን ያዘቻት። «በግራ እግርሽ ብቻ ቁሚ። እኔ ይዤሻለሁ። በጣም ቀስ ብለሽ ወደ ኋላ ተለጠጪ፤ ሲጀምርሽ ወዲያው ንገሪኝና እናቆማለን። እሺ?»

ሬንስኬ ግራ እግሯ ላይ ቆመች። ገና ከመጀመሯ «እዚህ!» አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። የምትደብቅበት ምክንያት ስለሌላት እንባው ዝም ብሎ ወረደ።

«በቃ። አበቃ።» ባውክዬ ደግፋ አልጋው ላይ አስቀመጠቻትና ወደ ፈታኟ ዞረች። «ከዚህ በላይ አላስለጥጣትም። አጥንቱ ላይ ትንሽ ስንጥቅ ሊሆን ይችላል፤ ጡንቻ ብቻም ሊሆን ይችላል። በእጅ ብቻ አይታወቅም። ሐኪም ማየት አለባት። እስከዚያ ድረስ መዝለል የለባትም።»

*

ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ጎን ለጎን ተቀመጡ። በሩ እንደተዘጋ ባውክዬ የመርማሪ ድምፅዋን አወለቀችው።

«አምስት ሳምንት! አምስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሆነሽ ከዚያ ምርኩዝ ላይ ስትወረወሪ ነበር? እኔ ደግሞ ማታ ማታ እጄን ስሳደብ ቁጭ ብለሽ ትሰሚኛለሽ?»

«ይቅርታ።»

«ይቅርታ አትበዪኝ! ልመታሽ እፈልጋለሁ፤ ግን ታማሚ ነሽ።»

«ቀኝ ትከሻዬን አያመኝም።»

ባውክዬ ላለመሳቅ ታገለች፤ አልቻለችም። የእህቷን ቀኝ ትከሻ በቡጢ ነካ አደረገቻት፤ ከዚያ እዚያው ትከሻ ላይ ግንባሯን አሳረፈች። «ትክክል ነበርኩ አይደል?» አለች ቀስ ብላ። «ከመጀመሪያው ቀን።»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

በሩ ተከፈተ። መምህርት ዋርሚንክ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ብቅ አሉ። «ጤናማ ሰው ይዘሽ ነይ ተብለሽ ነበር» አሏት ባውክዬን።

«አላወቅኩም…»

«አውቀሻል እንጂ። አላመንሽውም ነበር። ከአስር ሰባት ሰጥቼሻለሁ፤ አልፈሻል። ስምንት ይሆን ነበር፤ የቀኝ ጉልበቷን መምታት ረስተሻል።» ከዚያ ወደ ሬንስኬ ጎንበስ አሉ። «አንቺ ደግሞ የእህትሽን ምክር ስሚ። እየከለከልኩሽ አይደለም፤ እኔ ሐኪምሽም እናትሽም አይደለሁም። ግን በዚህ ዕድሜ ስትለጠጪ የሚመጣ፣ ከሦስት ሳምንት በላይ የዘለቀ ሕመም ዝም አይባልም። አሁን ካረፍሽ በወራት ይድናል። ካላረፍሽ ከዚያ በላይ ይፈጃል።»

*

ጣቢያው ላይ ባውክዬ ግድግዳው ውስጥ ከተሠራው ማሽን ሁለት ትኩስ ክሮኬት፣ በዘይት የተጠበሰ የሥጋ ጥቅል፣ ገዛች። አፏን እያቃጠላት «ሰባት!» ትላለች። አንድ ጎርሳ እንደገና «ሰባት!» ትላለች። ለእናታቸው ደወለች፤ ለአባታቸው ደወለች፤ እጇን ለተሰበረችው ጓደኛዋም ደወለች። ባቡሩ ገና ከመነሳቱ መስኮቱን ተደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት። ሦስት ቀን እንዳልተኛች ያስታውቃል።

የሬንስኬ ስልክ ነዘረ። አባቷ ነው።

«ሁሉንም ነግራኛለች» አለ። ከጀርባው ላሞች ይሰማሉ። «የዶክተሩን ቀጠሮ ማክሰኞ ጠዋት ነው ያገኘሁት። ከዚያ በፊት ክፍት የለም አሉኝ።»

«እሺ አባዬ።»

«ጠዋት ጠዋት ደረጃውን ስትወርጂ የእጅ መደገፊያውን መያዝ ጀምረሽ ነበር። አይቼ አደግሽ ብዬ ዝም አልኩ።»

«አንተ ምን ታደርግ፣ እኔ ነኝ የዋሸሁት።»

«የቅዳሜውን እኔ አልወስንልሽም። እናትሽም እንደዚሁ ብላለች። አስራ አምስት ዓመትሽ ነው፤ አስቢበት። ምንም ብትወስኚ ግን ማታ ንገሪን፤ ከእንግዲህ ተደብቆ የሚደረግ ነገር የለም።»

ሬንስኬ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ቀጠሮው ማክሰኞ ነው፤ ውድድሩ ቅዳሜ። ማንም አልከለከላትም። ሦስት ዝላይ ነው። በሦስት ዝላይ ምን ይመጣል? ሁለት ፓራሲታሞል ውጣ፣ ቀና ሳትል… አስራ አራት ሜትር ከሰላሳ ደግሞ ቀና ሳይሉ አይገባም። ይህን ራሷ ታውቀዋለች። አልትዬም ታውቀዋለች።

ከፊቷ ባውክዬ አፏን ከፍታ ተኝታለች። እጆቿ መዳፋቸው ወደ ላይ ሆኖ ጭኗ ላይ ተዘርግተዋል። ሬንስኬ በቀስታ ነካቻቸው። ሞቀዋል።

ስልኩን አነሳችና የአሰልጣኙን ስም ፈለገች። ሦስት ጊዜ ጠራ።

«ሬንስኬ! ምነው፣ ደህና?» አለ ሹርድ።

«ሹርድ፣ ቅዳሜ አልዘልም። ወገቤን ያመኛል። አልትዬን አስገባት።»

«መቼ ነው የጀመረሽ? ትናንት ነው? ሁለቴ ብቻ ስትዘይ አይቼሻለሁ።»

መውጫ መንገድ ሰጣት። ትናንት ብትል ማንም አይቆጣትም፤ ሁሉም ሰው አይዞሽ ይላታል።

«ትናንት አይደለም። ስሜን ከመለጠፍህ በፊት ነው የጀመረኝ። ደህና ነኝ ያልኩህ ሁሉ ውሸት ነበር።»

ባቡሩ አንድ ትንሽ ጣቢያ ላይ ቆመ፤ አንዲት ሴት ብስክሌት እየገፋች ገባች፤ በሩ ተዘጋ።

«ተናድጃለሁ» አለ ሹርድ በመጨረሻ። «በጣም ነው የተናደድኩት። አሸዋው ላይ ስትወድቂ እኔ ነኝ ማዶ ቆሜ የማይሽ። ሰኞ ክለብ መጥተሽ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። እየሰማሽኝ ነው?»

«እየሰማሁህ ነው።»

«ጥሩ።» ሲተነፍስ ተሰማት። ድምፁ ትንሽ ረገበ። «አልትዬ እንዲህ ያለ ትልቅ ውድድር ላይ ዘልላ አታውቅም። ድንጋጤ ይገድላታል።»

ሬንስኬ ያንን አሰበችው። አልትዬ መንደርደሪያው ጫፍ ላይ ቆማ፣ ሕዝቡን እያየች፣ መቼ መሮጥ እንዳለባት ሲጠፋት። በዚያ ሰዓት ከሣሩ ላይ የሚጮህላት ሰው ያስፈልጋታል፤ አካሄዷን የሚያውቅ፣ ቀና በዪ የሚላት። ሰማያዊውን ማልያ ሳይለብሱ እዚያ መቆም ያማል። ይህኛውን ሕመም ግን የትኛውም ሐኪም አልከለከላትም።

«ቅዳሜ ስንት ሰዓት ልምጣ?» አለችው።